ከአራት ኪሎ ቴራስ እስከ ጎርነርግራት፦ በረዷማ ተራራ ፎቶ የማንሳት ሥራ ማስታወሻ

ኅዳር፣ አራት ኪሎ

እህቴ ጄኔቭ ነው የምትኖረው። ጥር ላይ መጥተህ ትንሽ ተቀመጥ ብላኛለች፣ ቪዛውም ወጥቷል። ስለዚህ ስንት ጊዜ ሳስበው የኖርኩትን ሥራ ዘንድሮ እሠራዋለሁ፦ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ በእነሱ ክረምት፣ በራሴ ካሜራ። ግቡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ አራት ትልልቅ ፕሪንቶች ናቸው። ስልክ ላይ ታይቶ ለሚታለፍ ፎቶ ይህን ሁሉ ወጪ አላወጣም።

ቦታውን መርጫለሁ። ዜርማት የምትባል መኪና የማይገባባት የስዊዘርላንድ መንደር አለች፤ ከጄኔቭ በባቡር ሐይቁን ይዞ ቪስፕ ድረስ፣ እዚያ ባቡር ቀይሮ ወደ ላይ። ከመንደሩ ደግሞ ጎርነርግራት የሚባለው ጫፍ ድረስ ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የሚሠራ ነው። የላይኛው ጣቢያ 3,089 ሜትር ላይ ነው፣ ከፊት ለፊቱ ማተርሆርን ይታያል። ከፍታው አያስፈራኝም፤ እንጦጦ ራሱ 3,200 ሜትር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው። የእኛ ራስ ደጀን 4,550 ገደማ፣ ማለትም ይበልጠዋል። ግን ራስ ደጀን ላይ በረዶ ጥሎ ቢያድር እንኳ አይሰነብትም፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ነው ያለው፣ ማተርሆርን ደግሞ 46 ላይ። ለበረዶ ከፍታ ብቻውን አይበቃም፣ ፀሐይዋ በምን ያህል አንግል እንደምትመታ ወሳኝ ነው። ይህን ሳነብ ስለ በረዶ አፈጣጠር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለፎቶውም ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ያለኝ ዕቃ፦ ዕድሜው የገፋ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ፣ 24-70 እና 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ (አንዱ ሰፊ የሚያይ፣ ሌላው ሩቁን የሚያቀርብ)፣ አሉሚኒየም ትራይፖድ፣ ሦስት ባትሪ (አንዱ ኦሪጅናል፣ ሁለቱ ፎርጅድ)፣ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ፣ ሰማይ የሚያጠቁር ማጣሪያ)። አዲስ ሌንስ የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሌንስ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ያደክማል።

ታኅሣሥ፣ መርካቶና ቴራሱ

መጀመሪያ ልብስ። ሳልባጅ ተራ ግማሽ ቀን ዞርኩ። ሻጩ ልጅ አንዱን ጃኬት ገልብጦ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የስኪ ነው፣ ውስጡ ላባ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። 2,800 ብሎ 1,900 ላይ ተስማማን። ወፍራም ጓንት 400 ብር፤ ከስሩ የሚለበስ ቀጭን የሱፍ ጓንት 150። ሁለት ጓንት ያስፈለገኝ በወፍራሙ ቁልፍ መጫን ስለማይቻል ነው። ወፍራሙን አውልቄ በቀጭኑ እሠራለሁ፣ ከዚያ መልሼ አጠልቃለሁ።

ለትራይፖዱ እግሮች የቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ ገዝቼ በፕላስተር ጠቀለልኳቸው። አሉሚኒየም በብርድ ሲያዝ እጅ ያቃጥላል ይላሉ፣ ስፖንጁ ደግሞ ርካሽ ነው።

ቀጥሎ የባትሪ ሙከራ። ከታች ያለው ሱቅ ፍሪዘር አለው፤ የሱቁን ባለቤት እማማን አስፈቅጄ ሦስቱንም ባትሪ በፌስታል ጠቅልዬ ሥጋው አጠገብ አሳደርኳቸው። «ምን ሊሆንልህ ነው ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ። ጠዋት አንድ በአንድ ካሜራ ውስጥ ከተትኩ። ኦሪጅናሉ ሞልቶ ያደረውን ያህል ባይሆንም ሠራ። ሁለቱ ፎርጅድ ግን ትንሽ አንስተው ዝም አሉ። ኪሴ ውስጥ ሲሞቁ ተመልሰው ነፍስ ዘሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት በብርድ ስለሚዘገይ ኃይሉ እያለ መውጣት ያቅተዋል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪ የሚቀመጠው ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ደረት ላይ፣ ከሸሚዝ በላይ ከጃኬት በታች ነው። ሌላ ኦሪጅናል ያገለገለ ባትሪ ፈልጌ ገዛሁ፤ ከሁሉም ወጪ በደስታ የከፈልኩት እሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በረዶ የሌለበት ከተማ ሆኖ የበረዶ ኤክስፖዠር (ፎቶው የሚቀበለው የብርሃን መጠን) እንዴት ይለማመዱታል? ነጭ አንሶላ ቴራሱ ላይ አነጠፍኩና በእጄ አጨማደድኩት፤ ጉብታና ሸለቆ እንዲኖረው። በአውቶ ሳነሳው አንሶላው አመድ መሰለ። የሚጠበቅ ነው፤ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ዓለም ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ፍሬሙን ነጭ ነገር ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል) ወደ ላይ መግፋት ነው። ለእኔ ካሜራ 1.3 ላይ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ተጠግቶ ግድግዳው ሳይነካ ይቆማል። 2 ላይ አንሶላው ላይ ያለው ክር መጥፋት ጀመረ።

ይህን ማንም ያውቀዋል። ያላሰብኩት ሌላው ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ኤክስፖዠሩ ልክ ሆኖ፣ ነጩም ነጭ ሆኖ፣ ፎቶው ባዶ ወረቀት መሰለ። ጉብታ የለ፣ ሸለቆ የለ። ያው አንሶላ፣ ያው ሴቲንግ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሳነሳው ግን እያንዳንዱ እጥፋት ጥላ አውጥቶ ተራራ መሰለ። አንድ ሜትር የሚሆን የመጥረጊያ እንጨት አቁሜ ጥላውን ለካሁት። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ከግማሽ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ቁጥሩን ሠራሁት። በጥር አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ዜርማት ላይ በዚያው ሰሞን 25 ገደማ ናት። የአንድ ሜትር እንጨት ጥላ እዚያ በቀትር ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ማለትም የእነሱ ቀትር የእኛን የማታ ብርሃን ይመስላል። እኛ ፎቶግራፈሮች እዚህ ከተማ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ካሜራ ማስቀመጥ ለምደናል፤ «ብርሃኑ ሄደ» እንላለን። እዚያ ግን በክረምት ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ አይሄድም። የጉዞ ፕላኔን በሙሉ በዚህ ቀየርኩት፦ ንጋትና ምሽት ብቻ ሳይሆን ቀትርንም ለሥራ።

ጥምቀት፣ ጃን ሜዳ

ልምምዱን በሰው ላይ ደገምኩት። ጃን ሜዳ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ በሺህ የሚቆጠር ነጠላና ጋቢ። ኤክስፖዠሩ ካልተገፋ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ጥምቀትን ያነሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከተገፋ ደግሞ ትከሻ ላይ ፀሐይ የመታው ነጠላ ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) እያነሳሁ፣ በጣም ብሩህ የሆነውን ነጭ ብቻ እየተመለከትኩ፣ እሱ እንዳይቃጠል አድርጌ ሌላውን በኋላ በኤዲቲንግ ማብራት ለመድኩ። የተቃጠለውን ቦታ ስክሪኑ ላይ እያብለጨለጨ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ ሁልጊዜ ክፍት ነው።

ጥልፉን ጠጋ ብዬ ሳየው የክሩ ሸካራነት የሚታየው በጎን ብርሃን ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ይጠፋል። የቴራሱን ነገር አረጋገጠልኝ።

ጥር መጨረሻ፣ ዜርማት

ቦሌ ላይ ስወጣ ካሜራውንና ሌንሶቹን በጉምሩክ አስመዘገብኩ፤ ስመለስ «ከውጭ የገባ ነው» እንዳይባል። ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉት፣ ይፈለጋል።

ማደሪያ ሆስቴል ነው። ምግብ ከሱፐርማርኬት። እህቴ በሶ በጥብጣ በፔርሙስ ሰጥታኛለች፤ ተራራ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያቆመኝ እሱ ነበር። የባቡሩ ትኬት ከዕለቱ ወጪ ሁሉ ትልቁ ስለሆነ አንዴ ከወጣሁ እስከ ማታ አልወርድም።

የመጀመሪያው ቀን ደመና ነው። ጎርነርግራት ላይ ስደርስ ሰማዩም መሬቱም አንድ ሆነዋል፤ የት እንደምረግጥ እንኳ አይለይም። ጥላ የሚባል የለም። አነሳሁ፣ ኤክስፖዠሩ ልክ ነው፣ ሂስቶግራሙ እንደ መጽሐፉ ነው፣ ፎቶው ግን ምንም ነገር የለበትም። አንሶላው በእኩለ ቀን፣ በሰፊው። የሠራው ነገር ጥቁር ድንጋይ ወይም የባቡሩን ሐዲድ ፍሬም ውስጥ ማስገባት ብቻ ነበር። አንዱን ወደድኩት፦ ሐዲዱ ነጩ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት። ከአራቱ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር፦ ከባቡሩ ስንወርድ አጠገቤ ያሉት ቱሪስቶች ደረጃው ላይ ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ፣ እኔ ትራይፖድ ተሸክሜ ምንም አልተሰማኝም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መኖር ለዚህ ይጠቅማል።

በማግሥቱ ጠራ። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ማተርሆርን ከጎርነርግራት ሲታይ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የምሥራቁ ፊቱ የመጀመሪያውን ብርሃን ይቀበላል። ጫፉ ብቻ ቀላ፤ ከዚያ ቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። የሰሜኑ ፊት ግን በክረምት ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው፣ እንዲሁ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ በአንድ ፍሬም ሲገቡ ተራራው ማዕዘን ያወጣል። 70-200 ላይ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100።

እዚያ ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ወርቃማው ብርሃን 25 ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ከዚያ ይመሻል። እዚያ ፀሐይ በሰያፍ ስለምትወጣና ስለምትወርድ ወደ 40 ደቂቃ ይዘልቃል። ሌንስ ቀይሬ፣ ቦታ ቀይሬ፣ እንደገና አነሳሁ። እዚህ የለመድኩትን ጥድፊያ መተው ራሱ ልምምድ ጠየቀኝ።

ቀትር ላይ ወደ ሮተንቦደን ጣቢያ ወረድኩ፣ 2,815 ሜትር። በእነሱ በጋ ማተርሆርን የሚንጸባረቅበት ሪፈልዜ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ከታቹ አለ፤ አሁን በረዶ ስር ነው። ፖስትካርዱን የሚፈልግ ሰው ይበሳጫል። እኔ ግን ከሁሉም ጥሩውን ፎቶ ያገኘሁት እዚያ ነው። ነፋስ የበረዶውን ገጽ ፈልፍሎ ሞገድ ሞገድ አድርጎታል፤ እያንዳንዱ ሞገድ ከጣት ውፍረት እስከ ስንዝር ከፍታ አለው፣ አንዱ ጎኑ ስለት፣ ሌላው ጎኑ ተዳፋት። ወደ ምዕራብ ስቆም ፀሐይ በግራዬ፣ ዝቅ ብላ። ትራይፖዱን እስከ መሬት አወረድኩት። የስለቱ ጠርዝ ነጭ፣ ከኋላው ያለው ጥላ ሰማያዊ፣ ጥላው ውስጥ ደግሞ የበረዶው ቅንጣት አንድ በአንድ ይታያል። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነበር! ቴራሱ ላይ በዚህ ሰዓት አንሶላው ባዶ ወረቀት ነበር።

ስለ ጥላው ሰማያዊነት፦ ስህተት አይደለም። ጥላው ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማዩ ብቻ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። ዋይት ባላንስን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) «ሼድ» (ጥላ) ላይ ማድረግ ጥላውን ያጸዳዋል፣ ፀሐይ ያረፈበትን በረዶ ግን ቅቤ ያስመስለዋል። «ዴይላይት» (የቀን ብርሃን) ላይ ተውኩት።

ፖላራይዘሩን ሞክሬ አወለቅኩት። በዚያ ከፍታ ሰማዩ ያለ እሱም ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በ24 ሚሊሜትር ደግሞ ሰማዩን ግማሹን አጨልሞ ግማሹን ይተወዋል።

ምልክት ካለበት መንገድ ውጭ አልወጣሁም። የበረዶ ናዳ አደጋ ከ1 እስከ 5 በሚሄድ ደረጃ በየቀኑ ይነገራል፣ ጠዋት ጠዋት እሱን ሳላይ አልተነሳሁም። ለፎቶ ተብሎ ያልተረገጠ ተዳፋት ላይ መግባት የሚያስቆጭ ነገር ነው፣ በተለይ በረዶ አንብቦ ላላደገ ሰው።

ብርዱ፣ ለብቻው

ጠዋት ከዜሮ በታች 15 ነበር። የታዘብኩትን ሳልረሳ ልጻፍ።

ባትሪዎቹን በየተራ ደረት ላይ እያሞቅኩ ቀየርኳቸው፤ በእማማ ፍሪዘር ያየሁት በትክክል ተደገመ። ቪውፋይንደሩ (በዓይን የሚታይበት መስኮት) ላይ ትንፋሽ አረፈና ወዲያው ውርጭ ሆነ፤ በጨርቅ ሲጠረግ ይሰፋል እንጂ አይለቅም። ትንፋሽ ይዞ ማየት፣ ከዚያ ፊትን አዙሮ መተንፈስ ነው መፍትሔው። ሌንስ ላይ ያረፈ በረዶ በብሩሽ ይጠረጋል፣ በአፍ እፍ አይባልም። የትራይፖዱ ስፖንጅ ዋጋውን አወጣ። አንደኛው እግር ግን መቆለፊያው ውስጥ በረዶ ገብቶ አልዘጋ አለ፤ ለስላሳ በረዶ ላይ እግሮቹን እስከ ጠንካራው ድረስ መጫን ግድ ስለሆነ መቆለፊያው በረዶው ውስጥ ይቀበራል። የታችኛውን ክፍል ሳይሆን የላይኛውን ብቻ መዘርጋት ይሻላል።

ትልቁ ጉዳይ መግቢያው ላይ ነው። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ የክፍሉ እርጥበት በቀዘቀዘው ካሜራ ላይ፣ ውስጡም ጭምር፣ ውሃ ሆኖ ያርፋል። እኔ ውጭ እያለሁ ሜሞሪ ካርዱን አወጣሁ፣ ካሜራውን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ ሆስቴል ገብቼ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት አልከፈትኩትም። ፕላስቲኩ ከውጭ ላበው፣ ካሜራው ደረቅ። አጠገቤ ያለ ልጅ ካሜራውን እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦት ሌንሱ ከውስጥ ጉም ሞልቶት ሲያዝን አየሁ።

መነጽርም አትርሱ። ፀሐይ ከላይም ከታችም ናት፣ ዓይን ያቃጥላል። ግን ስክሪኑን ለማየት ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ስክሪኑን ሳይሆን ሂስቶግራሙን እመኑ።

የካቲት፣ አራት ኪሎ፣ ኤዲቲንግ

ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር) ላይ የተማርኩት በዋናነት እጅ መሰብሰብን ነው። «ክላሪቲ» የሚባለውን (ዝርዝሩን የሚያጎላ ማስተካከያ) ሲጨምሩት በረዶው መጀመሪያ ያምራል፣ ትንሽ ቆይቶ ሲታይ የቆሸሸ ይመስላል። 10 ላይ አቆምኩ። ሰማያዊውን ጥላ በትንሹ ብቻ ቀነስኩት፤ ጨርሶ ሲጠፋ ብርዱም አብሮ ይጠፋል። በጣም ብሩህ የሆነው በረዶ፣ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) በሚሄደው ልኬት፣ 245 አካባቢ እንዲቆም አደረግሁ እንጂ 255 አላስነካሁትም፤ 255 ማለት ወረቀቱ ላይ ምንም ቀለም አያርፍም፣ ቀዳዳ ይመስላል።

መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ዩፒኤሱ አተረፈኝ። ሌላ የሚባል የለም።

መጋቢት፣ ኅትመት

ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ተበትነዋል። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ ፎቶ ማተሚያ ሄድኩ። 20 በ30 ሴንቲሜትር ለሙከራ አሳተምኩ፣ 180 ብር። የወጣው ግራጫ ነው፣ ጥላውም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ፋይሉን ቤት ደግሜ አየሁት፣ ልክ ነው።

ተመልሼ ማሽኑ ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ ማሽኑ ራሱ ነው የሚያስተካክለው» አለችኝ። ያው የካሜራው ችግር! ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዛ» ብሎ አጨለመው። ማጥፋት ይቻል እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ይቻላል፣ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» ብላ አጠፋችልኝ። ከዚያ በኋላ የወጣው ሌላ ፎቶ ነው።

ቢሆንም ትንሽ ጨለማ ነበር። ምክንያቱ የእኔ ሞኒተር ነው፤ ብርሃኑ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ፋይሉ ከእውነቱ በላይ የበራ ይመስለኛል። ሞኒተሩን ዝቅ አደረግሁና አንዱን የሞገድ ፎቶ ቁራጭ በአምስት የብርሃን መጠን አንድ ወረቀት ላይ ደርድሬ አሳተምኩ። ውጭ ይዘነው ወጣን፣ ልጅቷም አብራኝ። በጥላ ቦታ ስናየው ሁለታችንም አራተኛውን መረጥን፦ የስለቱ ጠርዝ ከወረቀቱ ነጭ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ጥላው ውስጥ ቅንጣቱ የሚለይ። በዚያ ልክ አራቱን በ50 በ75 አዘዝኩ። ግሎሲ (አንጸባራቂ) ሳይሆን ማት (የማያንጸባርቅ) ወረቀት፤ ግሎሲ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ጥላውን ይበላዋል።

ሚያዝያ፣ ፍሬም

ፍሬም ሠሪው መስታወት ካልገባበት አቧራ ይበላዋል ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፣ የአራት ኪሎ አቧራ ምሕረት የለውም። ግን ተራው መስታወት ሳሎኑን በሙሉ ያሳያል። በመጨረሻ ለሁለቱ ማት መስታወት፣ ለሁለቱ ያለ መስታወት ከላይ ላሚኔሽን ተስማማን፤ የትኛው እንደሚሻል ከስድስት ወር በኋላ እዚሁ እጽፋለሁ። ቤት ውስጥ የነበረውን ቢጫ አምፖልም በነጭ ቀየርኩ፣ በቢጫው በረዶው ሁሉ ቅቤ መስሎ ነበር።

ቀጣዩ ሥራ ሰሜን ተራሮች ነው፣ ታኅሣሥ ላይ። ጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ነው፤ ንጋት ላይ ጅብራውና ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ፀሐይዋ የእኛዋ ናት፣ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች፤ የጎን ብርሃን የማገኘው ከወጣች በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታውን ከዋዜማው ማታ መርጬ፣ ትራይፖዱን በጨለማ ተክዬ መጠበቅ አለብኝ። የትራይፖዱን መቆለፊያ አስጠግኛለሁ፣ 300 ብር።